ከኮሜዲ መድረክ ወደ ካሜራ ፊት፦ ሳቅ በሌለበት ክፍል እንዴት ይተወናል?

ጥያቄ፦ የሂርማታ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የምኖር ኮሜዲያን ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት በሠርግ፣ በተማሪዎች የምረቃ ዋዜማ፣ በበዓል ዝግጅቶችና በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በምናሰናዳው የኮሜዲ ምሽት ላይ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ እየቀለድኩ ኑሮዬን ስመራ ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ መድረኩ ያስለመደኝ ነገር ሁሉ ድንገት እንቅፋት ስለሆነብኝ ስለ ካሜራው ነው።

ባለፈው ወር አንድ የፊልም ቡድን እዚሁ ከተማችን ውስጥ በሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ ላይ የአንድ የቡና መጋዘን ዘበኛ ገጸ ባሕርይ ሰጠኝ። ዘበኛው ለሃያ ዓመት ከጠበቀው መጋዘን ተሰናብቶ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ቡና እያፈላች ሳለ የሆነውን ይነግራታል። ጽሑፉን ቤቴ ሳነብ እንባዬ መጥቶ ነበር። በቀረጻው ዕለት ግን ያው ትዕይንት ስድስት ጊዜ ተቀርጾ ስድስቱም ጊዜ ሳይሆን ቀረ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለመሆኑ ማንን እያየህ ነው የምትናገረው?” አለኝ። የተቀረጸውን በትንሿ ስክሪን መልሶ ሲያሳየኝ ዓይኔ ከተዋናይዋ ትከሻ በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ተተክሏል፤ የተተከለበት ከፍታ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጥበት ነው። ከዚያ የባሰው ግን “ቁልፉን እንኳ ሳይቀበሉኝ በሩን ዘጉብኝ” ከሚለው ቃል በኋላ ያለው ዝምታ ነበር። ያን ያህል የሚያሳዝን ነገር ተናግሬ ስጠብቅ የነበረው ሳቅ ነው። አፌ ካቆመ በኋላ ሰውነቴ ሳቁ ተነሥቶ እስኪበርድ ድረስ ቆጥሯል።

ዳይሬክተሩ ትዕግሥተኛ ሰው ስለሆነ አላሰናበተኝም፤ ቤት ሄደህ ተዘጋጅ ብሎ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጠኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የአሜሪካዊውን ኮሜዲያንና ተዋናይ የሮቢን ዊሊያምስን ሥራ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በመድረክ ላይ አንድ ቦታ መቆም የማይችል፣ በአንድ ትንፋሽ አምስት ሰው የሚሆን ኮሜዲያን በፊልም ውስጥ ያን ያህል መርጋትን ከየት አመጣው? የሙያውን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ፣ እሱና እሱን የመሰሉት ምን ጥለው ምን ይዘው እንደተሻገሩ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንድ የቅርብ ወዳጄ ደግሞ “ተዋናይ መሆን ከፈለግህ የቅዳሜውን መድረክ ተወው” ብሎኛል። ምክሩ ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የምበላው ከዚያው መድረክ ነውና።

መልስ፦ የፈረንጅ አራዳው ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በወጣትነቴ በኪነት ቡድን ውስጥ ተውኛለሁ፤ በኋላም በመምህርነቴ ዘመን የትምህርት ቤት የትያትር ክበብ አሠልጥኛለሁ። ስለዚህ ያ የመጨረሻው ረድፍ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ተማሪውን “ድምፅህ ከበሩ ውጪ ይሰማ፤ ዓይንህን ከኋላው ሰው ላይ አታንሳ” እያልን ያሳደግነው እኛው ነን፤ ያም ለአዳራሽ ትክክለኛ ትምህርት ነው።

ስለ ሮቢን ዊሊያምስ አንድ ነገር ላስተካክል፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ኮሜዲያን ሆኖ ጀምሮ ተዋናይ ሆነ ይላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ አይደለም። ሰውየው በ1951 ቺካጎ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ከሄደ በኋላ ኮሌጅ ውስጥ ትያትር ተማረ፤ በ1973 ደግሞ ኒውዮርክ በሚገኘው በጁሊያርድ ትምህርት ቤት የትወና ክፍል ገባ። እዚያ በኋላ ሱፐርማንን ከተጫወተው ከክሪስቶፈር ሪቭ ጋር አብሮ ተማረ፤ የክፍሉ ኃላፊም ጆን ሃውስማን ነበር። በ1976 ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመለስ ነው በትንንሽ የኮሜዲ ቤቶች ውስጥ ብቻውን ማይክ መያዝ የጀመረው። እንግዲህ አንተ ያየኸው መርጋት በኋላ ከሰማይ የወረደለት ስጦታ አልነበረም፤ ቀድሞ የተማረው ሙያ ነው፣ ኮሜዲው ለተወሰኑ ዓመታት ሸፍኖት ቆየ። ይህን የምነግርህ ተስፋ ላስቆርጥህ ብዬ ሳይሆን፣ አንተ በሁለት ሳምንት ያልያዝከውን ነገር እሱም በሁለት ሳምንት እንዳልያዘው እንድታውቅ ነው።

ወደ ካሜራው የተሻገረውም በደረጃ ነው። የቴሌቪዥን አዘጋጁ ጋሪ ማርሻል ሲናገር እንደኖረው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የሚጫወት ሰው ይፈለግ በነበረበት ጊዜ ሮቢን ለፈተና ገባ፤ ተቀመጥ ሲባል ወንበሩ ላይ በአናቱ ተተክሎ “ተቀመጠ”፤ ሚናውንም አገኘው። በዚያው ገጸ ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው “ሞርክ ኤንድ ሚንዲ” ከ1978 እስከ 1982 ታየ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ይህ ድራማ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ተቀምጦ የሚቀረጽ ነበር። ካሜራ አለ፣ ሳቅም አለ። አንተ ከአዳራሽ ተነሥተህ በአንድ ቀን ጸጥ ካለ ክፍል ገባህ፤ እሱ ግን በመካከል አራት ዓመት የቆየበት ድልድይ ነበረው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ፊልሞች በተራ ብታይ መንገዱ ይታይሃል። በ1980 በሮበርት አልትማን የተዘጋጀው “ፖፓይ” የመጀመሪያው ትልቅ የፊልም ሚናው ነበር፤ ተቺዎችን ግን ብዙ አላስደሰተም። በ1984 “ሞስኮ ኦን ዘ ሀድሰን” ውስጥ የሶቪየት ሙዚቀኛ ለመሆን ሩሲያኛና ሳክስፎን ተማረ። እኔ ለተማሪዎቼ ስናገር የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ እጅ የሚይዘው እውነተኛ ሥራ ሲያገኝ ዓይን መንከራተቱን ይተዋል። በ1987 በ“ጉድ ሞርኒንግ ቬትናም” የሬዲዮ አቅራቢ ሆኖ ከማይክ ፊት ተቀመጠና በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳሻው እንዲፈጥር ተፈቀደለት፤ ከስቱዲዮው ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ያዳምጣል፣ ይደነግጣል፣ ያፍራል። የመጀመሪያውን የኦስካር ዕጩነት ያስገኘለት ይህ ሥራ መሆኑ አያስገርምም፤ ሁለቱም ሙያዎቹ በአንድ ፊልም ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል አግኝተዋልና።

በ1997 “ጉድ ዊል ሀንቲንግ” ውስጥ ያለውን የመናፈሻ ትዕይንት ሌሊቱን ተቀምጠህ ደጋግመህ እይ። ቦስተን ከተማ፣ ኩሬ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ ጉልበተኛ ወጣት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ለደቂቃዎች የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ካሜራውም አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ላይ አይነሣም። እጁ አይነሣም፤ ድምፁ ከወጣቱ ጆሮ አያልፍም። የ1997 ምርጥ ረዳት ተዋናይ ተብሎ ኦስካር የተሸለመበት ሥራ ይህ ነው።

በአገራችንስ? እኔ በካሴት ዘመን ልመነህ ታደሰንና አለባቸው ተካን፣ በቴሌቪዥን ደግሞ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን እየሰማሁና እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእኛ ኮሜዲ በጥንድ ያደገ ነው። በጥንድ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሳይወድ በግድ አጠገቡ ያለውን ሰው ያዳምጣል፤ ጓደኛው ያላለውን ቃል መልሶ ሊመታ አይችልምና። ብቻውን ማይክ ይዞ የሚቆም ኮሜዲያን በእኛ ዘንድ እየበዛ የመጣው ኋላ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ሳምንት ከአንድ ሰው ጋር በጥንድ ሥራ፤ የሁሉንም ነገር መጠን ቀንስ፤ ድምፅህን ቀንስ፣ እጅህን ቀንስ፣ ፊትህን ቀንስ።

መልስ፦ ኤዲተሩ

መምህርን አከብራለሁ፤ ስለ ጥንድ የተናገሩትም እጅግ ትክክል ነው። “ቀንስ” በሚለው የመጨረሻ ቃል ላይ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱንም ከምሠራበት ወንበር ተነሥቼ ላስረዳ። እኔ የሠርግ ቪዲዮም፣ አጫጭር ፊልምም፣ ተከታታይ ድራማም የማቀናጅ ሰው ነኝ፤ ከመድረክ የመጡ ሰዎች ሥራ በእጄ ብዙ አልፏል። ቀንስ የተባለ ኮሜዲያን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠኝ ሞቅታው የወጣ ያንኑ ትወና ነው። ዓይኑ አሁንም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ድምፁ መድከሙ ብቻ ነው። የሚለወጠው መጠኑ ሳይሆን አድራሻው መሆን አለበት።

ወንድሜ ስላነሣኸው ዝምታ ላብራራ። እኛ የምንሠራው በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል ነው። ሳቅ ትጠብቅ የነበረችው ዝምታ ሁለት ሴኮንድ ከቆየች 50 ፍሬም ማለት ናት፤ 50 ፍሬም ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ረጅም ነው። “ታዲያ ቆርጠህ ጣለው” ልትለኝ ትችላለህ። እቆርጠዋለሁ፤ ችግሩ ግን ዝምታው ውስጥ ሳይሆን ከዝምታው በፊት ነው። ሳቅ የሚጠብቅ ሰው የመጨረሻውን ቃል ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ አገጩን በትንሹ ያነሣል፣ ዓይኑን ይከፍታል፤ “ይኸው፣ ተቀበሉኝ” እንደማለት ነው። ያንን መቀስ አያወጣውም። በአንጻሩ ዝምታው ራሱ መጥፎ አይደለም። ያው ሁለት ሴኮንድ ሚስቱ ምን ትለው ይሆን ብሎ በመፍራት ቢሞላ ኖሮ አንድም ፍሬም አልነካበትም ነበር። መድረክ ያስተማረህን የጊዜ አያያዝ አትጣለው፤ ጥቂት ተዋንያን ናቸው ያንን የታደሉት። የምትጠብቀውን ነገር ብቻ ቀይር።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈጠራ ነው። ኮሜዲያን ከጽሑፍ ውጪ መሄድ ይወዳል፤ ሮቢን ዊሊያምስም በዚህ ይታወቃል። ይሁንና የዚህን ዋጋ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው። በ“ሞርክ ኤንድ ሚንዲ” ጊዜ ከተለመዱት ሦስት ካሜራዎች ሌላ እሱን ብቻ የሚከተል አራተኛ ካሜራ ተጨምሮ ነበር። በ1993 “ሚሲስ ዳውትፋየር”ን ያዘጋጀው ክሪስ ኮለምበስም ብዙ ካሜራ በአንድ ጊዜ ያስቀርጽ ነበር፤ ምክንያቱም ሮቢን የተናገረውን ነገር ሁለተኛ በዚያው መልክ አይደግመውም፣ አብሮት ያለው ተዋናይ የደነገጠበት ወይም የሳቀበት ቅጽበትም ተመልሶ አይገኝም። እኛ ጅማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሠራው በአንድ፣ ሲበዛ በሁለት ካሜራ ነው። ስለዚህ ትዕይንቱ መጀመሪያ በሰፊው ይቀረጻል፣ ቀጥሎ ያንተ ፊት በቅርበት፣ ቀጥሎ የሷ ፊት በቅርበት። በሰፊው ቀረጻ ላይ ሲኒውን በግራ እጅህ አንሥተህ “ቁልፉን” ስትል ካስቀመጥከው፣ በቅርቡም ቀረጻ ላይ በዚያው እጅ በዚያው ቃል ማስቀመጥ አለብህ። አለበለዚያ እኔ ሁለቱን ማገናኘት አልችልም፤ በጣም ጥሩ የነበረው ትወናህም መሬት ይወድቃል። ከተዋናዮች ሥራ ብዙ ጊዜ እያዘንኩ የምጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት አዲስ ነገር አትፍጠር ማለት አይደለም። በዚያው በ“ጉድ ዊል ሀንቲንግ” ውስጥ ስለ ሟች ሚስቱ የእንቅልፍ ልማድ የሚያወራበት ክፍል በጽሑፉ ያልነበረ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ወጣቱን የሚጫወተው የማት ዴመን ሳቅ የእውነት ሳቅ ነው፣ ምስሉም በትንሹ ሲርገበገብ የሚታየው ካሜራማኑ ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነው ይባላል። ነገር ግን ያ ፈጠራ ገጸ ባሕርዩ ስለሚወዳት ሴት ነው፤ ለዚያ ወጣት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት የተነገረ ነው። አዲስ ነገር ካለህ ከቀረጻው በፊት ለዳይሬክተሩ ንገረው፤ ሁላችንም እንዘጋጅበታለን።

መልስ፦ ከጊንጆ

ወንድሜ፣ እኔ የቅዳሜውን ዝግጅትህን ሁለት ጊዜ መጥቼ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የምጽፍልህ ስለማላውቀው ሰው አይደለም። ራሴም ከትያትር ወደ ድራማ የተሻገርኩ ተዋናይ ነኝ።

ከላይ የተጻፉት ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አተኩረዋል። እኔ የአሜሪካዊቷን ኮሜዲያንና ተዋናይ የውፒ ጎልድበርግን መንገድ ብታጠና ለአንተ ይበልጥ የሚቀርብህ ይመስለኛል። እሷ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማ የምታሳየው ሥራ ስለራሷ የምትናገርበት ቀልድ አልነበረም፤ በየተራ የተለያዩ ሰዎችን ትሆናለች። ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ ያንን አይቶ በ1984 ብሮድዌይ ላይ፣ በኒውዮርኩ የትያትር ሠፈር፣ እንዲታይ አደረገ፤ ስቲቨን ስፒልበርግ ደግሞ በማግስቱ ዓመት በወጣው “ዘ ከለር ፐርፕል” ውስጥ ሴሊ የተባለችውን ዋና ገጸ ባሕርይ ሰጣት። ሴሊ የተረገጠች፣ አንደበቷ የተዘጋ ሴት ናት። በአንደበቷ አዳራሽ ትሞላ የነበረች ኮሜዲያን ያለቃል የምትኖር ሴት ሆነች። ሴሊ ፈገግታዋ አስቀያሚ እንደሆነ ተነግሯት ስላደገች ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አንዲት ወዳጇ ያንን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ የምታነሣበት ቦታ አለ። ውፒ እዚያ ላይ ምንም አትሠራም ማለት ይቻላል፤ እጇ ሲነሣ ብቻ ትፈቅዳለች። በዚያ ፊልም ለኦስካር ታጨች፤ በ1990 በወጣው “ጎስት” ደግሞ ተሸለመች። ከስታንድአፕ፣ ማለትም ብቻን ማይክ ይዞ ከሚቀርብ ኮሜዲ፣ የተነሣችው ሞኒክም እንዲሁ በ2009 “ፕሬሸስ” ፊልም ላይ ጨካኝ እናት ሆና ተሸልማለች፤ እዚያ ሥራ ውስጥ ሰው እንዲወዳት የምትጠይቅበት አንድም ቦታ የለም።

ይህን ያነሣሁት አንተም ሳታውቀው ያው ችሎታ ስላለህ ነው። ስለ ራስህ ስታወራ ዓይንህ አዳራሹን ይቃኛል፤ ገበያ ላይ ማር የምትሸጠዋን እናት ስትሆን ግን ዓይንህ ወዲያውኑ ይወርዳል። የሌለውን ቅል ታዘነብለዋለህ፣ የሌለችውን ገዢ ፊት ታነባለህ፣ ዋጋውን ከመናገርህ በፊት የሷን ጫማ ታያለህ። በዚያ ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ትረሳናለህ፤ እኛም የበለጠ የምንስቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ዘበኛውን “እንደ ተዋናይ” ልትጫወተው አትሞክር፤ የማር ሻጯን እንደምትሆናት ሁነው።

ለመምህርም አንድ ቃል አለኝ፤ በአክብሮት ነው። የመናፈሻውን ትዕይንት ደጋግሞ ማየት ጥሩ ነው፤ መርጋቱን መቅዳት ግን አደጋ አለው። እኔ በመጀመሪያው ድራማዬ “ረጋ በይ” ስባል እንደ ግንድ ቀርቼ ነበር። ሮቢን እዚያ ወንበር ላይ የረጋው ወጣቱ እንዳይሸሽበት ስለሚጠነቀቅ ነው፤ ለመርጋት ብሎ አልረጋም። አንተም ስትቀረጽ አንድ ተግባር ይኑርህ፤ ለምሳሌ ሚስትህ ጀበናውን ከማውረዷ በፊት ነግረህ መጨረስ አለብህ ብለህ አስብ።

ስለ ቋንቋም ልጨምር። የጅማ የመጋዘን ዘበኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ክፉ ዜና ሲነግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይናገራል ብዬ አላምንም። አንተ በሁለቱም ቋንቋ የምታስቅ ሰው ነህ፤ ቋንቋ በየትኛው ቦታ እንደሚቀየር ጆሮህ ያውቃል። ዳይሬክተሩን ጠይቀው።

መልስ፦ ተመልካች

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ብዙ ፊልም አያለሁ። ኮሜዲያን አሳዛኝ ነገር ጥሩ አድርጎ የሚጫወተው ውስጡ ሐዘን ስላለ ነው የሚል ነገር ሁሌም እሰማለሁ፤ የሮቢን ዊሊያምስም መጨረሻ ይህንኑ ያሳያል ይባላል። ጠያቂው የራሱን ሐዘን ፈልጎ ቢያወጣ አይሻልም?

መልስ፦ የጤና ባለሙያ፣ ጅማ

ይህ አባባል እንዲሁ እንዳያልፍ እለምናለሁ። ሮቢን ዊሊያምስ በነሐሴ 2014 በ63 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱ ሲያልፍ ዓለም ሁሉ “የሚያስቀው ሰው ውስጡ ያለቅስ ነበር” አለ። ከሞተ በኋላ በተደረገው የአስከሬን ምርመራ የተገኘው ግን አንጎልን የሚያጠቃ ሌዊ ቦዲ የተባለ በሽታ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ፓርኪንሰን ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር፤ ትክክለኛውን የበሽታውን ስም ሳያውቅ ሞተ። ባለቤቱ ሱዛን ሽናይደር ዊሊያምስ በ2016 “ኒውሮሎጂ” በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በጻፈችው ጽሑፍ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት በአንድ ፊልም ቀረጻ ላይ ቃሉን ማስታወስ አቅቶት በከባድ ጭንቀት ይሠቃይ እንደነበረ ተናግራለች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ብሮድዌይ ላይ አምስት ወር ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዐረፍተ ነገሮች ያሉበትን ትያትር አንድም ስሕተት ሳይሠራ ተጫውቶ ነበር። እኔ ይህን ጽሑፍ ሳነብ የታየኝ ሐዘኑን ሸጦ የኖረ ሰው አይደለም፤ የሚወደውን ሥራ በሽታ ከእጁ ላይ ሲነጥቀው እያየ የታገለ ባለሙያ ነው።

ቀደም ሲል ከሱስና ከድብርት ጋር መታገሉን ራሱ በግልጽ ተናግሯል፤ ነገር ግን ሥቃዩ የችሎታው ምንጭ ነበር ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው። ይህን የምለው ታማሚ የሆኑ ወጣት የጥበብ ሰዎች “ብታከም ተሰጥኦዬ ይጠፋል” ሲሉ በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። ጠያቂው ወንድሜ ለዚያ ትዕይንት የሚያስፈልገውን ሁሉ መምህርና ሌሎቹ ነግረውታል፤ ራሱን ማቁሰል አያስፈልገውም።

መድረኩን ተው ስለተባለው ደግሞ እንደ አድናቂ ልመልስ። ሮቢን ዊሊያምስ በ2002 “ኢንሶምኒያ” እና “ዋን አወር ፎቶ” በተባሉት ፊልሞች ውስጥ እጅግ አስፈሪ ሰዎችን ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ብቻውን ቆሞ ያቀረበው ኮሜዲ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በ2009 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ካገገመ በኋላም ወደ መድረኩ ተመልሷል።

መልስ፦ የሂርማታ ልጅ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወዲያው ያልመለስኩት መጀመሪያ ሠርቼ ማየት ስለፈለግሁ ነው።

መምህር እንዳሉት በጥንድ ጀመርኩ። ታላቅ እህቴን ከሥራ ገብታ ቡና ልታፈላ ስትወቅጥ ትዕይንቱን እንድታነብልኝ ለመንኳት። ማንበብ እንቢ አለች፤ “አንተ ብቻ ንገረኝ፣ እኔ እሰማሃለሁ” አለችና ቡናዋን መውቀጥ ቀጠለች። ዳግመኛ ቀና ሳትል ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትወቅጥ፣ ቃሉ ወደ ጆሮዋ እንዲደርስ የሙቀጫውን ድምፅ መሻማት ነበረብኝ፤ በሁለት ምት መካከል ያለችውን ክፍተት እየጠበቅሁ መናገር ጀመርኩ። “ቁልፉን እንኳ ሳይቀበሉኝ” ስል ዘነዘናው ቆመ። እሷ አልዞረችም። እጇ ሙቀጫው ላይ እንዳለ ቀረ፤ እኔም የጠበቅሁት እሷን ሆነ። ኤዲተሩ ስለ አድራሻ የጻፍከው የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ቁልፉንም ከዚያ ወዲህ እውነተኛ አደረግሁት። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወዳጄን ጠይቄ የቁልፍ አያያዙን አየሁ። ቁልፎቹን በገመድ አስሮ ኪሱ ውስጥ ይይዛቸዋል፤ ሲቀመጥ እንዳይወጉት በእጁ ያዞራቸዋል። ይህንን ለዳይሬክተሩ ከቀረጻው በፊት ነገርኩት፤ በየትኛው ቃል ላይ ከኪሴ እንደማወጣቸው፣ በየትኛው እጄ ረከቦቱ ጥግ ላይ እንደማስቀምጣቸው ጽፈን ያዝነው። የቋንቋውንም ጉዳይ አንሥቼለት ነበር። መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ፈቀደልኝ። ስለዚህ ዘበኛው በሩን ገፍቶ ሲገባ “ያ ሃዻ ኢጆሌ” ብሎ የልጆቹን እናት ይጠራታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአማርኛ ነው።

ትናንት ቀረጽነው። ሰፊው ሁለት ጊዜ፣ የእኔ ፊት በቅርበት ሦስት ጊዜ ተቀረጸ። በሁለተኛው ላይ ዓይኔ እንደገና ወደ ግድግዳው ሊያመልጥ ሲል ተሰምቶኝ ወደ ተዋናይዋ እጅ መለስኩት። ዳይሬክተሩ ሦስተኛውን ይዞታል። ከጊንጆ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጀበናው ሳይወርድ ነግሬ ልጨርስ ብዬ ነበር፤ አልደረስኩም፣ ቀድማኝ አወረደችው። የመጨረሻውን ቃል የተናገርኩት ሲኒውን እየተቀበልኳት ነው፤ እሱም እንዲያ እንዲቀር ተወስኗል።

ቅዳሜ ዝግጅቱ እንዳለ ነው። የማር ሻጯን እናት እንደገና እሠራታለሁ፤ ኤዲተሩም ጊዜ ካለህ ብትመጣ ከየትኛው ረድፍ እንዳየኸኝ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ።